በተለዋዋጭ ውስጥ ስለሚቀመጥ ትእዛዝ፤ ከሼል ታሪክ የተወሰደ አጭር ጥናት

ሼል የሰውን ትእዛዝ ተቀብሎ ለኮምፒዩተር የሚያቀርብ አጋፋሪ ነው። የተጻፈለትን መስመር በቃላት ይከፍላል፤ የመጀመሪያውን ቃል የትእዛዙ ስም፥ የቀሩትን ደግሞ ትእዛዙ የሚፈጸምባቸው ነገሮች አድርጎ ይወስዳል። ተከታታይ ትእዛዞች በአንድ ፋይል ሲጻፉ ስክሪፕት ይባላሉ። ስክሪፕት ጸሐፊው አንዱን ትእዛዝ በተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጦ ቆይቶ ሊያስፈጽመው ሲሞክር፥ ብዙ ጊዜ ያላሰበው ነገር ይደርስበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ ከየት እንደ መነጨና በምን መንገድ እንደ ተቃለለ ማሳየት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ትእዛዝን ጽፎ አስቀምጦ በኋላ የማስፈጸም ሐሳብ ከዩኒክስ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳለ «ራንኮም» የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ ይህም በፋይል የተጻፉ ትእዛዞችን ተራ በተራ ያስፈጽም ነበር። «ሼል» የሚለውን ስም ያወጣውም እርሱ ነው። በ1971 ኬን ቶምፕሰን ለዩኒክስ የጻፈው ሼል ስም ያላቸው ተለዋዋጮች አልነበሩትም። ጆን ማሺ በ1970ዎቹ አጋማሽ ባሻሻለው ሼል ባለ አንድ ፊደል ተለዋዋጮች ገቡ፤ ሙሉ ስም ያላቸው በሰፊው የታወቁት ግን ስቲቨን ቦርን ጽፎት በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር በወጣው ሼል ነው።

የችግሩ ሥር ያለው እዚሁ ላይ ነው። የቦርን ሼል ተለዋዋጭ የሚይዘው አንድ ተራ የፊደላት ሰንሰለት ብቻ ነው። ሼሉ በተለዋዋጩ ስም ፈንታ ይዘቱን ሲተካ፥ ስሙ በትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረ፥ ይዘቱን ክፍት ቦታ ባገኘበት ሁሉ ይቆራርጠዋል።

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፥ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በጋምቤላ ክልል በአቦቦ ወረዳ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ስለ ተሠራው ስለ አልዌሮ ግድብ የሚያጠና ተማሪ ሦስት ፋይሎች አሉት እንበል፤ ስለ ወንዙ የጻፈው «አልዌሮ»፥ ስለ ግድቦች በጠቅላላው የጻፈው «ግድብ»፥ ሦስተኛው ደግሞ «አልዌሮ ግድብ» ይባላሉ። ሦስተኛውን ለመሰረዝ የመሰረዣውን ትእዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር በተለዋዋጭ አስቀምጦ ቢያስፈጽም፥ ሼሉ ስሙን ለሁለት ይከፍልና የፊተኞቹን ሁለት ፋይሎች ያጠፋል፤ ሊጠፋ የታሰበው ግን በቦታው ይቀራል። በይዘቱ ውስጥ ትእምርተ ጥቅስ ቢጨምርም አይጠቅመውም፤ ሼሉ የጥቅሱን ትርጉም የሚመለከተው ተለዋዋጩን ከመተካቱ በፊት ስለ ሆነ፥ በኋላ የመጣው ጥቅስ እንደ ማንኛውም ፊደል ይቆጠራል። ተለዋዋጩን በሙሉ በጥቅስ ቢያጥረው ደግሞ ሼሉ መላውን መስመር የአንድ ትእዛዝ ስም አድርጎ ፈልጎ ያጣዋል።

ከዚህ የተነሣ ብዙዎች ወደ «ኢቫል» ይሸሻሉ። ኢቫል ይዘቱን ገና አሁን እንደ ተጻፈ መስመር ከመጀመሪያው ያነበዋል። ጥቅሱ ይሠራል፤ ነገር ግን ሌላውም ሁሉ ይሠራል። ከፋይሉ ስም ውስጥ ትእዛዝን ከትእዛዝ የሚለይ ምልክት፥ ከምልክቱም ቀጥሎ ሌላ ትእዛዝ ቢኖር፥ ያም ይፈጸማል። አደጋው ቀላል አይደለም። በ2014 «ሼልሾክ» ተብሎ የታወቀው የባሽ ጉድለት ለዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ባሽ ከውጭ በተለዋዋጭ የመጣለትን ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ይፈጽም ስለ ነበር፥ ሩቅ ያለ ሰው በድረ ገጽ አገልጋይ በኩል ትእዛዝ ሊያስገባ ይችል ነበር።

እውነተኛው መፍትሔ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የዴቪድ ኮርን ሼል በ1980ዎቹ፥ የብራያን ፎክስ ባሽም በ1996 በወጣው ሁለተኛ እትሙ፥ ብዙ ቃላትን እያንዳንዱን ለየብቻው የሚይዝ የዝርዝር ተለዋዋጭ ሰጡ። ቶም ደፍ «አርሲ» በተባለው ሼሉ ከዚህም አልፎ ተለዋዋጭን ሁሉ ዝርዝር አደረገ፤ አንድ ጊዜ የተነበበውም ዳግመኛ እንዳይቆረጥ ደነገገ። በ1992 የጸደቀው የፖዚክስ ደንብ ዝርዝርን ስላላካተተ፥ በዚያ የሚጽፍ ሰው ለስክሪፕቱ በሚሰጡት ባለ ቁጥር ቃላት ይገለገላል። ትእዛዙ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ግን ከሁሉም የሚሻለው በተለዋዋጭ ፈንታ ፈንክሽን መጻፍ ነው።

በግእዝ ጽሕፈት ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ፥ ለዐይን የሚታይ ምልክት ነው፤ በዛሬው አብዛኛው ጽሑፍ ክፍት ቦታ ተክቶታል። በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሁለት ነጥብ የራሱን ቁጥር አግኝቷል። ሼል በልማዱ ይህን ምልክት እንደ መቁረጫ ስለማይቆጥረው «አልዌሮ፡ግድብ» የተባለ ፋይል ሳይከፈል ያልፋል። ይህን ማለት ፋይልን ሁሉ በሁለት ነጥብ እንሰይም ማለት አይደለም፤ ሌላ ሰው የሰየመው ፋይል ክፍት ቦታ ይኖረዋልና። ቁም ነገሩ በቃልና በቃል መካከል ያለው ወሰን ራሱ የትእዛዙ ክፍል መሆኑ ነው። ወሰኑን ሳያስቀምጥ ቃላቱን ብቻ ያስቀመጠ ሰው፥ ሼሉ በኋላ በግምት እንዲያገኝለት ሊጠብቅ አይገባውም።