ብርድ የማይገታው መሳሳብ

ጋይንት ብርድ አገር ነው። ከጉና ራስ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ከፍታ፣ የሚወርደው ውርጭ ገብሱን አልፎ እስከ ጓዳ ይዘልቃል፤ ነፋስ መውጫ ከተማም ጠባይዋን በስሟ ትናገራለች። በዚህ ደጋ ሊጥ በቶሎ አይቦካም፤ የጠላ ጥንስስም ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይደርሳል። ቡሃቃዋን ወደ ምድጃው የምታስጠጋ ባልቴት ማንም ሳያስተምራት የምታውቀው ሕግ አለ፤ ብርድ የነገሮችን መለወጥ ያዘገያል።

ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ይህንኑ ሕግ በቀመር አሠረው። ሁለት ቅንጣቶች ተገናኝተው ወደ ሌላ ነገር ይለወጡ ዘንድ በመካከላቸው ያለውን ዳገት መውጣት አለባቸው፤ ጉልበቱን የሚሰጣቸው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከጎደለ ከዳገቱ ሥር ይቀራሉ። እኔን ግን ከሕጉ ይልቅ ከሕጉ ያፈነገጠው ይማርከኛል።

በ1905 ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቨን አዮኖች በጋዝ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዙ መረመረ። አዮን ማለት ኤሌክትሮን ያጣ ወይም የተረፈው አቶም ነው፤ ባዶ እጁን አይመጣም፣ የኤሌክትሪክ ሙል ይዞ ነው። ወደ ሙል አልባ አቶም ሲቀርብ የዚያን ኤሌክትሮኖች ወደ አንድ ወገን ያዘነብላቸዋል፤ የተዛነፈው አቶምም ወደ እርሱ ይሳባል። በዚህ መንገድ ላይ ብዙውን ጊዜ ዳገት የለም፤ ቁልቁለት ብቻ ነው። ቀርፋፋ አቶም ከሩቅ ይያዛል፤ ፈጣኑ ካልቀረበ አይያዝም፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ውስጥ ብዙ አዮኖችን ይጎበኛል። ሁለቱ ተካክሰው፣ የመያዙ ፍጥነት ሙቀት ቢጨምርም ቢቀንስም አይለወጥም።

ይህ ተራ ስሌት አይደለም። በከዋክብት መካከል ያሉት ጥቁር ደመናዎች ከፍፁም ዜሮ በላይ 10 ኬልቪን ያህል ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ሞለኪውሎች ሞልተውባቸዋል። በዚያ ቁር ማን አቦካቸው? ኤሪክ ኸርብስትና ዊልያም ክሌምፐረር በ1973 መልሱን ከአዮኖች ፈለጉት፤ የጠፈር ጨረር ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ የተነጠቀው ደግሞ ጎረቤቱን ይስባል። ዳገት በሌለበት ቁሩ አያግድም።

አንዱን መሳሳብ ለይቶ ማየት ግን ሌላ ጣጣ ነበር። ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1952 በአንድ አቶም ብቻ ሙከራ አናደርግም ሲል ጽፎ ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት ቮልፍጋንግ ፓውል በቦን፣ በሚወዛወዝ የኤሌክትሪክ መስክ አዮንን ያለ ግድግዳ አንጠልጥሎ የሚይዝ ወጥመድ ሠራ። በ1980 ፒተር ቶሼክ፣ ሃንስ ዴመልትና ባልደረቦቻቸው በሃይደልበርግ አንዲት የባሪየም አዮን ይዘው ፎቶግራፍ አነሡ። ሽሮዲንገር አላየውም፤ በ1961 አርፎ ነበር። (እዚሁ ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም፣ በድጓ ማስመስከሪያዋ፣ ከጉባኤው ዜማ መካከል የአንዱን ደቀ መዝሙር ስሕተት ለይቶ የሚሰማ መምህር የዚህን ክብደት ሳይነገረው ይረዳዋል።)

በ1995 በአሜሪካ ኮሎራዶ የሩቢዲየም አቶሞች ከአንድ ኬልቪን ሚሊዮንኛ በታች ቀዝቅዘው እንደ አንድ ማዕበል ሆኑ። በ2010 በካምብሪጅ የሚካኤል ኮል ቡድን አንዲትን የይተርቢየም አዮን በእንዲህ ያለው ደመና ውስጥ አስገባት። ብቸኛዋ አዮን በዚያ ሁሉ አቶም መካከል ስትቀዘቅዝ ታየች፤ አልፎ አልፎም ከአንዱ ኤሌክትሮን ወስዳ ትጠፋ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የትዕግሥት ነው። አዮኗን የሚይዛት መስክ ራሱ ያንቀጠቅጣታል፤ አቶም ሲነካት መንቀጥቀጧ ሙቀት ይሆናል። ያዥዋ አሟቂዋ ሆነ ማለት ነው! የማሳቹሴትስ ተመራማሪዎች በ2012 የዚህን ወሰን አሰሉ፤ መውጫው ከባድ አዮንን ከቀላል አቶም ማጣመር ነበር። የአምስተርዳም ቡድን በ2020 ይተርቢየምን በሊትየም አቀዘቀዘ። በ2021 ደግሞ የፍራይቡርግ ቡድን ባሪየምን በሊትየም መካከል አድርጎ የማግኔቱን መስክ ቀስ እያለ ቢለውጥ፣ ግንኙነቱ በአንዳንድ ቦታ ድንገት በረታ፣ በሌላው ላላ። እዚያ ላይ የላንዥቨን ቁልቁለት ብቻውን አይበቃም፤ አዮኗና አቶሙ እንደ ማዕበል መገናኘት ጀምረዋል።