አረንጓዴ የዳር መብራት፣ ለባሕር ላይ ሄሊኮፕተር ማረፊያ

በሰሜን ባሕር የነዳጅ ማውጫ መድረኮች ላይ እንዲህ ያሉ መብራቶች በማረፊያው ወለል ዙሪያ ቢበዛ በየ3 ሜትሩ ይተከላሉ፤ ቁመታቸውም ከ25 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ቀድሞ ቀለማቸው ቢጫ ነበር። መድረኩ ራሱ ግን በሶዲየም አምፖሎች ቢጫ ብርሃን ስለሚጥለቀለቅ፣ በሌሊት የሚመጣ አብራሪ ማረፊያውን ለይቶ ለማየት ይቸገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ዓለም አቀፉ ደንብ ወደ አረንጓዴ የዞረው ለዚህ ነው፤ የጎደለው የብርሃን ብዛት አልነበረም፣ መለያ ነበር።

«ታዲያ ወለሉን በባውዛ ማድመቅ አይቀልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተሞክሯል። ከዳር የሚለቀቅ ባውዛ ዓይን ያጥበረብራል፤ ይባስ ብሎ የወለሉን መሀል ጨለማ ጉድጓድ ያስመስለዋል። ብሪታንያ በመሀሉ ቢጫ የብርሃን ክብ፣ በክቡ ውስጥም አረንጓዴ «ኤች» እንዲበራ ያደረገችው ከዚህ ተነስታ ነው። ክቡ ከሩቅ ሲታይ ሞላላ ነው፤ አብራሪው ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ ከመጣ ይበልጥ ይጠፈጠፋል፣ ስለዚህ የአቀራረቡን ማዕዘን ይነግረዋል። የበረራ መሣሪያዎች እያሉ ይህ ሁሉ ለምን ለሚል፣ መሣሪያ እስከ መድረኩ አቅራቢያ ያደርሳል፤ የመጨረሻዋን ርቀት ጨርሶ ወለሉን የሚረግጠው አብራሪው በዓይኑ እያየ ነው። ከሁሉ ብልህ ሆኖ የምናገኘው ግን የአተካከሉ ደንብ ነው፦ የዳሩ መብራቶች ከወለሉ ከፍታ በታች ላለ አብራሪ መታየት የለባቸውም። አረንጓዴው ቀለበት ድንገት ከተሰወረበት፣ ከማረፊያው በታች መውረዱን ያውቃል።