የፎቶግራፍ ብርሃንና ቅንብር በይምርሐነ ክርስቶስ

ይምርሐነ ክርስቶስ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ባለ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በስሙ የሚጠራው የዛጉዌ ንጉሥ እንዳሠራው ይታመናል። እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በአክሱም የግንባታ ጥበብ ጠቆር ያለ እንጨትና ነጭ ልስን ያለው ድንጋይ በአግድም እየተነባበሩ የተሠራ ነው። ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ከባድ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነጩና ጥቁሩ፣ የዋሻው ጨለማና የደጁ ፀሐይ እዚህ ጎን ለጎን ናቸው።

የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ የበዛበትን ትዕይንት ያጨልመዋል፣ ጥቁር የበዛበትን ያፈካዋል። ይህ ስሕተት በላስታ ጎልቶ የሚታየው በገና ነው። ታኅሣሥ 29 በላሊበላ ቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ካህናቱና ምእመናኑ ነጭ በነጭ ለብሰው ይቆማሉ። መለኪያው በነጠላው ብዛት ይታለልና የሰውን ፊት ያጠቁረዋል። መፍትሔው የብርሃን ማስተካከያውን አንድ ደረጃ ያህል ከፍ ማድረግ ወይም መለኪያውን ፊት ላይ ማነጣጠር ነው። በስልክ የሚያነሳ ሰው በስክሪኑ ላይ ፊቱን ተጭኖ እስኪቆለፍ ይይዝና ብርሃኑን በጣቱ ከፍ ያደርጋል። የነጠላው ነጭነት ትንሽ ቢፈካ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ የፊት ገጽታ ከጠፋ ግን ፎቶው የሰው ፎቶ መሆኑ ያበቃል።

በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። በዋሻው አፍ የተሠራው ግንብ የሚገባውን ብርሃን ይቀንሰዋል፤ ከውስጥ ወደ ደጅ ሲያነሱ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ይጠቁራል። አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ መመረጥ ያለበትም ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ጀርባን ለደጁ ሰጥቶ ማንሳት ይረዳል። ደመናማ ቀንም ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያሉት ጥንታዊ ሥዕሎችና ያጌጠው ጣሪያ በፍላሽ መነሳት የለባቸውም፤ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ትብነት) ወደ 1600 ወይም 3200 ከፍ አድርጎ ካሜራውን ሳይነቀንቁ መያዝ ይበቃል። የተንቀጠቀጠ ምስል አይታረምም፣ ትንሽ ሻካራ የሆነ ምስል ግን ይነበባል።

ቅንብርን በተመለከተ፣ የግድግዳው አግድም መስመሮች የካሜራን መዛባት ወዲያው ያጋልጣሉ። ሕንፃውን ለማካተት ሲባል ካሜራውን ሽቅብ ማንጋጠጥ ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ያስመስለዋል፤ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝና የቻሉትን ያህል ወደ ኋላ መሸሽ ይሻላል። ከላይ ያለው የዋሻ ጣሪያ ሳይቆረጥ ይግባ። ያለ እሱ ሕንፃው የትም ያለ ሕንፃ ይሆናል።

ቀትር ላይ አታንሱ የሚለው ምክር በአብዛኛው ትክክል ነው፤ በደጋው ንጹሕ አየር የ6 ሰዓት ፀሐይ ጥላውን ያጠነክረዋል። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለው ብርሃን የተሻለ ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ግን ከዚህ ይለያል። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለቆመ ጠዋትና ማታ ግርጌው በጥላ ይዋጣል፤ ፀሐይ ወለሉን በደንብ የምታገኘው ከፍ ስትል ነው። ላስታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች። ነሐሴ ክረምት ስለሆነ የሚያስተማምነው ሚያዝያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ብርሃኑን ቢያለዝቡም ምሰሶዎቻቸው ወደ ምስሉ ይገባሉ፤ እዚያ ወደ መስኮትና ወደ በር ተጠግቶ ዝርዝሩን ማንሳት ያዋጣል።

በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ጀርባ የጥንት ተሳላሚዎች ነው የሚባል አጽም አለ። ይህ ለፎቶ የሚቀርብ ትዕይንት አይደለም። በሌላውም ሁሉ በቅዳሴ ሰዓት ካሜራዎን ያስቀምጡ፤ ከማንሳትዎ በፊት ካህናቱን ያስፈቅዱ።