የምጽዋ ደሴቶች ታሪካዊ ቦታዎች

ምጽዋ (በጥንት ስሟ ባጽዕ) በኤርትራ የቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ ያረፈው በሁለት ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው። የውጭኛዋ የምጽዋ ደሴት ስትሆን፣ ለየብስ የምትቀርበው ጥዋለት ትባላለች። ደሴቶቹ እርስ በርሳቸውና ከየብስ ጋር የተያያዙት ባሕሩን ሞልቶ በተሠራ መንገድ ነው። መንገዱን በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሠራው ከተማዋን በግብፅ ስም ያስተዳድር የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነው። ከዚያ በፊት ሰውም፣ ሸቀጥም፣ የመጠጥ ውሃም በጀልባ ይሻገር ነበር።

ምጽዋ ለደጋው አገር ዋና የባሕር በር ነበረች። የክሪስቶቫው ዳ ጋማ 400 የፖርቱጋል ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1541 የተነሡት ከዚሁ ነው። ኦቶማኖች በ1557፣ ግብፆች በ1865፣ ጣልያኖች ደግሞ በ1885 ያዟት። ሁሉም በየተራ የገነቡባት ስለሆነ የአንዱ ዘመን ቤት ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይታያል።

የኮራል ቤቶች

የአሮጌው ከተማ ቤቶች የተሠሩት በኮራል ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በባሕር ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት አጽም የሚፈጠር ሲሆን ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ነው። በላይኛው ፎቅ ላይ እንደ ወንፊት የተፈለፈሉ የእንጨት መስኮቶች (መሽረቢያ) ወጣ ብለው ይታያሉ። እነዚህ መስኮቶች ንፋሱን ያስገባሉ፣ በውስጥ ያለውን ሰው ግን ከመንገደኛ ዓይን ይሰውራሉ። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነበት ከተማ ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ አሠራር በሱዳን ሱዋኪንና በጂዳ አሮጌ ሰፈርም ይገኛል።

በደሴቷ መካከል ያለው የሼክ ሐናፊ መስጊድ ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ይነገራል። በራስ ምድር ያለው የሰሐባዎች መስጊድ ደግሞ፣ በአፈ ታሪክ መሠረት፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከመካ ተሰደው በመጡት የነቢዩ መሐመድ ባልደረቦች ስም የሚጠራ ነው። በወደቡ አጠገብ የቆመው የጣልያን ባንክ ሕንፃ የአውሮፓንና የምሥራቁን አሠራር ያቀላቅላል።

ጥዋለት

በጥዋለት እጅግ የታወቀው ቤተ መንግሥቱ ነው። ሙንዚንገር በ1870ዎቹ ያሠራው ይህ ባለ ጉልላት ሕንፃ በኋላ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የክረምት ማረፊያ ሆነ (የምጽዋ ቀዝቃዛ ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ናቸው)። የቅድስት ማርያም ካቴድራልና እ.ኤ.አ. በ1911 አሥመራ የደረሰው የባቡር መስመር ጣቢያም በዚሁ ደሴት ላይ ናቸው።

ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ1921 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። ከዚያ የከፋው ግን በየካቲት 1982 ዓ.ም. የሕዝባዊ ግንባር ሠራዊት ከተማዋን ከደርግ የያዘበት ጦርነትና ቀጥሎ የመጣው የአየር ድብደባ ነው። የቤተ መንግሥቱ ጉልላት ፈረሰ፤ የባንኩም ሕንፃ ተጎዳ። በጥዋለት በመታሰቢያነት የቆሙት ሦስት ታንኮች የዚሁ ውጊያ ናቸው።

ከጦርነቱ የተረፈውን ደግሞ ጨው ይበላዋል። የኮራል ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ እርጥበት ይመጣል፣ ውሃው ሲደርቅ በውስጡ የሚቀረው ጨው ግድግዳውን ይፈረካክሰዋል። በሲሚንቶ መለሰንም እርጥበቱን አፍኖ ስለሚያስቀር ጉዳቱን ያብሳል፤ የሚስማማው የቀድሞው የኖራ ልስን ነው።