የምስክር አበል

የምስክር አበል መጥሪያ ደርሶት በወንጀል ችሎት ለሚቀርብ ሰው የሚከፈል የቀንና የመንገድ ወጪ ማካካሻ ነው። የቃሉ ዋጋ አይደለም፤ ምስክርነቱ ዐቃቤ ሕግን ቢጠቅምም ቢጎዳም ሒሳቡ ያው ነው። ከጉቦ የሚለየውም በዚህ ነው።

በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተመኑን የሚቆርጠው ሕግ ነው፦ በቀን 40 ዶላር። እ.ኤ.አ. በ1990 ከ30 ዶላር ከፍ ካለ ወዲህ አልተነካም፤ ለቀን ሠራተኛ የቀረበትን ደመወዝ አይሸፍንም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚከፈለው ለመቅረብ እንጂ ለመናገር ስላልሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሳይጠራ የተሰናበተ ምስክርም ይገባዋል። በመንገድ ላይ ያለፈው ቀን ይቆጠርለታል። መኪናውን ይዞ ከመጣ የኪሎ ሜትሩና የማቆሚያው ሒሳብ፣ ርቆ መጥቶ ካደረ ደግሞ የውሎ አበል ይታሰብለታል።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ግን ደመወዙ ስለማይቋረጥ ይህን አበል አይወስድም። የእስረኛ ምስክር ጉዳይ አከራካሪ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 ይገባዋል ብሎ ቢወስንም ኮንግረስ በዓመቱ ሕጉን አሻሽሎ ከለከለው። ባለሙያ ምስክር በውል የሚቀበለው የሙያ ክፍያ ከዚህ ተለይቶ ይታያል።