ድሬዳዋ የረሳችው አምበል፦ የሉቺያኖ ቫሳሎ ታሪክ

በሐርላ ሽማግሌዎች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ተረት አለ። በጥንት ዘመን በዚህ ምድር ላይ እጅግ ግዙፍ የሆኑ ሰዎች ይኖሩ ነበረ፤ ገበሬው ሲያርስ ማረሻው የሚመታቸውን ታላላቅ የግንብ ድንጋዮች ተሸክመው የገነቡ እነርሱ ናቸው ይባላል። እኔም የሐርላ ልጅ እንደ መሆኔ መጠን ይህን ተረት እየሰማሁ አድጌአለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን የቅርስ ባለሙያዎች ጋር ሆነው በመንደራችን ቁፋሮ አካሄዱ። ከመሬት ውስጥም በ12ኛው ምእተ ዓመት የተሠራ መስጊድ፥ የመቃብር ሥፍራ፥ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ፥ ከ13ኛው ምእተ ዓመት የግብፅ ገንዘብ፥ ከማልዲቭስ ደሴቶችና ከቻይና አገር ሳይቀር የመጡ ዕቃዎች ተገኙ። በዚህም ምክንያት ሐርላ የግዙፎች ሰፈር ሳትሆን፥ ልዩ ልዩ አገር ሰዎች የሚገናኙባት የንግድና የእጅ ሥራ ከተማ እንደ ነበረች ታወቀ። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፥ ሳይጻፍ የቀረ ታሪክ ወይ ተረት ይሆናል፥ ወይም ጨርሶ ይጠፋል ማለት ነው።

ውድ አንባቢዎች ሆይ! ስለ ሐርላ ቁፋሮ ይህን ያህል ካልኩ በኋላ፥ በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ስለ ሌላ ግዙፍ ሰው ነው። ይኸኛው በመሬት ውስጥ የተቀበረ ሳይሆን፥ በከተማችን ሽማግሌዎች ልብ ውስጥ ብቻ የቀረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታሪክ መምህራችን ስለ ድሬዳዋ የቀድሞ ዘመን ከሽማግሌዎች ጠይቀን እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ፥ በወጣትነታቸው በከተማው ጥጥ ፋብሪካ ይሠሩ ወደ ነበሩት ወደ አያቴ ሄድኩ። «አባባ፥ በእርስዎ ጊዜ በድሬዳዋ ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የሚነሣ ሰው ማን ነበረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ የጠበቅሁት የአንድ አገረ ገዥ ወይም የአንድ ባለጸጋ ነጋዴ ስም ነበረ። እርሳቸው ግን ጥቂት እንኳ ሳያስቡ፥ «ሉቻኖ ነዋ!» አሉኝ።

በዚያን ሰዓት አብረዋቸው የተቀመጡት የድሮ ጓደኞቻቸው ይህን ስም ሲሰሙ ፊታቸው በራ። አንዱ ኳስ ሲመታ የነበረውን ኃይል፥ ሌላው ተጫዋቾቹን በዓይኑ ብቻ እንዴት ያዝ እንደ ነበረ፥ ሦስተኛውም ልብሱ በአቧራ ተሸፍኖ ከሜዳ ሲወጣ ልጆች እንዴት ይከተሉት እንደ ነበረ እየተቀባበሉ ያወሩ ጀመር። ከነዚህ ሽማግሌዎች አንዱ ክርክሩን አቋርጠው ወደ እኔ ዞር በማለት፥ «ለመሆኑ እናንተ ታውቁታላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። በማግሥቱ የክፍል ጓደኞቼን ብጠይቅ፥ የእንግሊዝን አገር ተጫዋቾች ከነማልያ ቁጥራቸው የሚያውቁት ልጆች ይህን ስም ሰምተውት አያውቁም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ኀፍረት ነው።

ሉቺያኖ ቫሳሎ የተወለደው በነሐሴ ወር 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1935) በአሥመራ ከተማ ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፥ እናቱ ኤርትራዊት ነበረች። የተወለደበትም ጊዜ ለእንደ እርሱ ያለ ልጅ እጅግ ክፉ ነበረ። የፋሺስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በእስራት እንዲቀጣ አዘዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 በወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ከሁለቱ የሚወለደውን ልጅ አባቱ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበለው ከለከለ። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም የተወለደው በዚያው በ1940 ነው። እንግዲህ እነዚህ ልጆች በጣሊያኖች ዘንድ ሐበሾች፥ በሐበሾች ዘንድ ጣሊያኖች እየተባሉ አደጉ ማለት ነው። ከማንኛውም ወገን ሳይሆን ሁሉ ወገን የሚሆንበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረ፤ እርሱም የኳስ ሜዳ ነው።

ሉቺያኖ በሙያው መካኒክ ነበረ። እግር ኳስን በአሥመራ ቡድኖች ውስጥ ከተጫወተ በኋላ፥ ወደ ድሬዳዋ መጥቶ በጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተሰለፈ። ይህ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፥ ቡድኑን ሕዝቡ «ኮተን» እያለ ይጠራው ነበረ።

ዛሬ ብዙዎቻችን የአገራችን እግር ኳስ ታሪክ ሁሉ የተሠራው በአዲስ አበባ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ኮተን እ.ኤ.አ. በ1960፥ በ1962፥ በ1963ና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። የአፍሪካ ክለቦች የሻምፒዮና ውድድር እ.ኤ.አ. በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ በተጀመረ ጊዜም እስከ ግማሽ ፍጻሜ ድረስ ዘልቆ፥ በማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ቀርቷል። አንድ የፋብሪካ ቡድን፥ ከዋና ከተማ ርቆ በሚገኝ በረሃማ ከተማ ተቀምጦ፥ ከአፍሪካ አራት ታላላቅ ክለቦች አንዱ ነበረ ማለት ነው። አያቴና ጓደኞቻቸው ሉቻኖ ብለው ሲያነሡ የሚያወሩት እንግዲህ ስለዚያ ዘመን ነው።

የሉቺያኖን ስም ከድሬዳዋ አልፎ በመላው አፍሪካ ያስጠራው ግን የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ነው። በዚያ ዓመት ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ ኢትዮጵያ፥ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ (ይኸውም ግብፅ)፥ ቱኒዚያና ዩጋንዳ ተወዳደሩ። የእኛን ቡድን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሲሆኑ አምበሉ ሉቺያኖ ነበረ። በመጀመሪያው ጨዋታ ቱኒዚያ ቀድማ ሁለት ግብ ብታገባም፥ ልጆቻችን ተስፋ ሳይቆርጡ 4 ለ 2 አሸነፉ።

የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው ጥምቀት በተከበረ በሁለተኛው ቀን፥ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1962) ነበረ። ተቃራኒዋ ግብፅ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለት ዋንጫዎች ሁለቱንም የወሰደች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ያሸነፈችም እርስዋው ነበረች። በ35ኛው ደቂቃ በዳዊ የተባለው ተጫዋች ለግብፅ አገባ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ እልልታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ በዳዊ እንደ ገና አገባ። አንባቢ ሆይ፥ በዚያች ደቂቃ በስታዲዮሙ የነበረው ሰው ልብ እንዴት ሆኖ እንደ ነበረ ራስህ ገምተው።

ጊዜው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ብቻ ሲቀረው ግን አምበሉ ሉቺያኖ አገባና ጨዋታው 2 ለ 2 ሆነ። በጭማሪው ጊዜ በ101ኛው ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ ወዲህ አገራችን ይህን ዋንጫ ደግማ አላገኘችውም። በዚያ ቀን ከተቆጠሩት አራት ግቦች ሁለቱን ያገቡት የፋሺስት ሕግ የሰው ልጅነታቸውን ሊነፍጋቸው የሞከረው ሁለቱ ወንድማማቾች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል።

ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። እንደሚነገረው ግን፥ የጣሊያን ስም ያለው ሰው ዋንጫውን ባይቀበል ይሻላል ያሉ ሹማምንት ነበሩ፤ አቶ ይድነቃቸው፥ አምበሉ እርሱ ነውና የሚቀበለውም እርሱ ነው በማለት ተከራክረው ነገሩ እንዲቀር አደረጉ ይባላል። ከጣሊያን ወረራ ገና ብዙ ዓመት ያልራቀ ሕዝብ ይህ ስም ቢከብደው የሚያስገርም አይደለም። የሆነ ሆኖ አቶ ይድነቃቸው ያዩት ስሙን ሳይሆን፥ ማልያውን ለብሶ የደከመውን ሰው ነበረ። ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ታላቅ ትምህርት ይመስለኛል።

ሉቺያኖ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ለብሔራዊ ቡድናችን ተጫውቷል። ስለ እርሱ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር 104 ጨዋታና 99 ግብ የሚል ነው። በደርግ ዘመን አገሩን ትቶ ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ በሮም አጠገብ በምትገኘው በኦስቲያ ተቀምጦ መኪና እየጠገነ፥ ለልጆችም እግር ኳስ እያስተማረ ኖረ። በመስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 2022) በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሊረሳ ቻለ? ብዬ ሳስብ የሚከተሉት ምክንያቶች ይታዩኛል። አንደኛ፥ በ1954 ዓ.ም. በአገራችን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ያን ጨዋታ በስታዲዮም ካልነበረ በቀር ያየው የለም። ሁለተኛ፥ ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ በኋላ የቀድሞው የኮተን ስም ከሰው አፍ እየራቀ ሄደ፤ ስሙ ሲጠፋ የተጫዋቾቹም ዝና አብሮ ጠፋ። ሦስተኛ፥ እርሱ ራሱ ከአገር ወጣ፤ የተወለደባት አሥመራም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሌላ አገር ድንበር ውስጥ ሆነች። ስለዚህ አንዱ የዚያ ነው ሲል፥ ሌላው የዚህ ነው ሲል፥ ሰውየው በመኻል ቀረ። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በእርሱ ደረሰ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው፥ «እርሱ የአሥመራ ሰው ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ አይደለምና እኛን ምን አገባን?» ብለውኛል። ይህ ጥያቄ መልስ የሚያሻው ነው። የእኔም መልስ እንደዚህ ነው፦ ድሬዳዋ ራስዋ የእንግዶች ከተማ ናት። የቆረቆራት ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር ነው፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ፥ ሶማሌው፥ ኦሮሞው፥ ሐረሪው፥ አማራው፥ ጉራጌው፥ ዐረቡ፥ ግሪኩ፥ አርመኑ፥ ሕንዱ ሁሉ መጥቶ ሰፈረባት። ከደቻቱ ወዲህና ወዲያ፥ በከዚራም ሆነ በመጋላ፥ አያቱን ወይም ቅድመ አያቱን ብንጠይቀው ከሌላ ሥፍራ ያልመጣ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያም በፊት፥ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ብንመለስ፥ የሐርላ መሬት የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፤ የሩቅ አገር ሰዎች ከአገሬው ጋር ይሠሩባት፥ ይነግዱባት፥ ይጸልዩባት ነበረ። ታዲያ ከሁለት ወገን የተወለደ፥ ከሌላ ከተማ የመጣ፥ በፋብሪካ ቡድን ተጫውቶ የከተማዋን ስም ያስጠራ ሰው የድሬዳዋ ሰው ካልተባለ፥ ማን ሊባል ነው?

እንግዲህ ውድ መምህራን፥ ወላጆችና ተማሪዎች፥ ይህን ጽሑፍ የምዘጋው በአንድ አሳብ ነው። ያለፈውን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ሄደዋል። ከአያቴ ጋር ያን ቀን ካወሩት ሰዎች አንዱ ይህ መጽሔት ሳይታተም ዐርፈዋል፤ የሉቻኖን ምት በእጃቸው እያሳዩ የነገሩኝ እርሳቸው ነበሩ። ደግሜ ልጠይቃቸው ያሰብኩት ነገር ሁሉ ከእርሳቸው ጋር ሄደ። ስለዚህ ከእኛ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያሉትን አረጋውያን ስለ ኮተን፥ ስለ ተጫዋቾቹ፥ ስለ ፋብሪካውና ስለ ባቡሩ ጠይቆ ቢጽፍ፥ በሣጥን የተቀመጡ የቆዩ ፎቶግራፎችንም በወላጆች ፈቃድ ሰብስበን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ብናኖር መልካም ነው እላለሁ።

የሐርላን ከተማ ለማግኘት ከሩቅ አገር ሊቅ መምጣትና ብዙ አፈር መነሣት ነበረበት። ሉቺያኖን ለማግኘት ግን አካፋ አያስፈልግም። ማታ ከአያት አጠገብ ተቀምጦ፥ «አባባ፥ ሉቻኖ እንዴት ያለ ተጫዋች ነበረ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ