ባሕር ማዶ የፈሰሰ ደም

ሰው በሰው አገር ሲሞትና አሟሟቱ ሲያጠራጥር ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ያለው የየትኛው አገር ፍርድ ቤት ነው?» የሚል ነው። የሕግ መጻሕፍት ብዙ ገጽ የሚያውሉት ለዚህ ጥያቄ ነው፤ ምሁራኑም አጥብቀው የሚከራከሩት በዚሁ ላይ ነው። የነገሩን ታሪክ ከሥሩ ለተከታተለ ሰው ግን ሌላ እውነት ይታየዋል። ሥልጣኑን መስጠት ይህን ያህል አስቸግሮ አያውቅም፤ ንጉሥ በአንድ አዋጅ፣ ምክር ቤት በአንድ አንቀጽ ሲሰጡት ኖረዋል። ያስቸገረው አሟሟቱን ማስረዳት ነው። ሟቹን ያየው ሐኪም፣ ጩኸቱን የሰማው ጎረቤት፣ ደም የነካው ልብስ፣ የሆስፒታሉ መዝገብ ሁሉም ያሉት ሞቱ በደረሰበት አገር ነው። ዳኛው የሚቀመጠው ሌላ አገር ነው። በውጭ አገር የደረሰ ሞት ፍርድ ሳያገኝ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃው በወቅቱ ሰብሳቢ ስለሚያጣ ነው፤ የሕጉ ክልከላ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዳኝነት ከቦታ ጋር ተጣብቆ የኖረበት ምክንያትም የመነጨው ከዚሁ ከማስረጃ ነው። የእኛን አገር አውጫጭኝ ማስታወስ ይበቃል። ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰብና ወንጀለኛውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይበተንም ነበር። አሠራሩ የቆመው በቀዬው የሆነውን የቀዬው ሰው ያውቃል በሚል እምነት ላይ ነው። የእንግሊዝ አገር ጁሪም ሲጀመር መልኩ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። የሚጠሩት ሰዎች ጎረቤቶች ነበሩ፤ ይጠሩ የነበረውም ነገሩን ያውቁታል ተብሎ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ አውራጃ ተመትቶ ቁስሉን እንደያዘ ወደ ሌላ አውራጃ ተሻግሮ ሲሞት ሕጉ ግራ ይጋባ ነበር። ምቱን የሚያውቁት ሞቱን አላዩም፤ ሞቱን ያዩት ምቱን አያውቁም። በዚህ መሐል ገዳይ ያመልጣል። ቀዳዳውን የደፈነው በ1548 የወጣ ሕግ ነው (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ክሱ ሞቱ በደረሰበት አውራጃ እንዲታይ ፈቀደ። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1541፣ የሄንሪ 8ኛ ፓርላማ ከመንግሥቱ ግዛት ውጭ የተፈጸመ ግድያ እንኳ ሳይቀር ንጉሡ በሚሰይመው ልዩ ችሎት እንግሊዝ ውስጥ እንዲታይ የሚያስችል ሕግ አውጥቶ ነበር። እንግዲህ የሥልጣኑ ጥያቄ፣ ቢያንስ በአንድ አገር ሕግ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መልስ አግኝቷል ማለት ነው።

ይህ ሕግ በተግባር ምን እንደሚመስል ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የጆሴፍ ዎል ጉዳይ ነው። ዎል ከሴኔጋል ጠረፍ ፊት ለፊት ባለችው በጎሬ ደሴት የእንግሊዝ ጦር ሠፈር ገዢ ነበር። በሐምሌ 1782 ወደ አገሩ ሊመለስ መርከብ በሚሳፈርበት ዋዜማ፣ ወታደሮች ከቀለባቸው ላይ የተቆረጠባቸውን ገንዘብ ለመጠየቅ ተሰብስበው መጡ። ዎል ከመካከላቸው ሳጅን ቤንጃሚን አርምስትሮንግን አስይዞ 800 ግርፋት አስገረፈው። ግርፋቱ በወታደር ቤት ደንብ በሚታወቀው ጅራፍ አልነበረም፤ በገመድ ነበር። ገራፊዎቹም ወታደሮች አልነበሩም፤ ባሪያዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ 25 ገርፎ ለቀጣዩ ይለቅ ነበር። ዎል በማግስቱ ሄደ፤ አርምስትሮንግ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ደሴቲቱም በ1783 ለፈረንሳይ ተመለሰች። በ1784 ዎል ባዝ ከተማ ላይ ተይዞ ወደ ለንደን ሲወሰድ መንገድ ላይ አምልጦ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ዓመታትም በስደት ኖረ። በ1801 ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ለመዳኘት ዝግጁ መሆኑን ገለጸ። ጥር 20 ቀን 1802 ለንደን በሚገኘው ኦልድ ቤይሊ በዚያው በሄንሪ ሕግ መሠረት ቀረበ።

በችሎቱ ላይ የሥልጣን ክርክር ቦታ አልነበረውም። ክርክሩ በሁለት ነጥብ ዙሪያ ዞረ። አንደኛው በዚያን ቀን ዓመፅ ተነስቶ ነበር ወይ የሚል ነው፤ ተነስቶ ከሆነ አዛዡ በችኮላ የመቅጣት ምክንያት አለው። ሁለተኛው አርምስትሮንግን የገደለው በእርግጥ ግርፋቱ ነው ወይ የሚል ነው፤ ተከላካዩ ወገን ሰውዬው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ኃይለኛ አረቄ ጠጥቶ ራሱን ጎዳ ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ጥያቄዎች ደሴቲቱ ላይ የነበረ ሰው ብቻ የሚመልሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃው ምስክር መመርመር እንጂ ለጁሪው ንግግር ማድረግ አይፈቀድለትም ነበርና ዎል መከላከያውን ያሰማው ራሱ ነው። ጉዳዩን ያዘነበለው ግን የወታደሮቹ ቃል፣ የጦር ሠፈሩ ሐኪም ቃልና አንድ የጽሑፍ ማስረጃ ነው። ዎል በ1782 እንግሊዝ እንደገባ ለመንግሥት በላከው ዘገባ ላይ ዓመፅ ተነሳ የሚል ቃል አልነበረም። ጁሪው ጥፋተኛ አለው፤ ከስምንት ቀን በኋላም ተሰቀለ።

ይህ ታሪክ ክርክሬን ያፈርሳል የሚል አንባቢ ይኖራል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ያውም ከአፍሪካ ጠረፍ የመጣ ማስረጃ ለፍርድ ከበቃ፣ ርቀትና ጊዜ የተባለውን ያህል አይጎዱም ማለት አይደለም ወይ? እኔ ግን የዎል ጉዳይ ለምን እንደተሳካ ስመረምር የማገኘው የክርክሬን ማጠናከሪያ ነው። ሟቹና ገዳዩ አንድ ጦር ሠፈር ውስጥ ነበሩ። ምስክሮቹ ወታደሮች ስለነበሩ ስማቸው በመዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ አገልግሎታቸውን ሲጨርሱም ወደ እንግሊዝ ተመልሰዋል። ሐኪሙ የመንግሥት ሐኪም ነበር። ተከሳሹ የጻፈው ዘገባም በመንግሥት መዝገብ ቤት ተቀምጦ ቆይቷል። በሌላ አነጋገር ማስረጃው ከጎሬ ወደ ለንደን የተጓዘው ክስ ከመመሥረቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያጓጓዘውም የጦር ሠራዊቱ የዕለት ተዕለት አሠራር ነው። በዚያው ደሴት፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ገመድ የተገደለ ባሪያ ቢኖር ከዚህ ሁሉ አንዱም አይኖረውም ነበር። ገመዱን የያዙት ሰዎች ራሳቸው ለምስክርነት አልተጠሩም።

ሥልጣንና ማስረጃ ምን ያህል የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ የሎተስ መርከብ ጉዳይም ያሳያል። ነሐሴ 2 ቀን 1926 ከምቲሊኒ ደሴት በስተሰሜን በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ የፈረንሳዩ መርከብ ሎተስ ከቱርኩ መርከብ ቦዝኩርት ጋር ተጋጨና ስምንት ቱርኮች ሞቱ። ሎተስ በማግስቱ ኢስታንቡል ስትገባ የቱርክ ባለሥልጣናት ተረኛውን ፈረንሳዊ መኮንን ያዙ፤ መስከረም 15 ቀን ፍርድ ቤቱ በእሱም በቱርካዊው ካፒቴንም ላይ ፈረደ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ቱርክ ፈረንሳዊውን የመዳኘት ሥልጣን አላት ወይስ የላትም የሚለው ክርክር ግን ሄግ ድረስ ሄዶ ዓመት ፈጀ። ዳኞቹም ስድስት ለስድስት ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ብቻ ለቱርክ ተወሰነ። የአደጋውን ፍሬ ነገር ማጣራት የቀለለው ሁለቱም መኮንኖች፣ የመርከቢቱ ሠራተኞችና መርከቢቱ ራሷ በአንድ ወደብ ስለተገኙ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው በግንቦት 1979 ጂዳ ውስጥ የሞተች የአንዲት እንግሊዛዊት ነርስ ጉዳይ ነው። የሳዑዲ ባለሥልጣናት በአንድ ግብዣ ላይ ሳለች ከሰገነት ወድቃ ሞተች አሉ፤ አባቷ አላመኑም። አስከሬኗ ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ኮሮነር የሚባለው የአሟሟት መርማሪ ሹም ሞቱ የደረሰው ከአገር ውጭ ነውና አይመለከተኝም አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1982 አስከሬኑ በክልሉ እስካለ ድረስ መመርመር ግዴታው ነው ብሎ ወሰነ። ለብዙ ቤተሰቦች በር የከፈተ ትልቅ ውሳኔ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ሊድስ ላይ የተሰየመው ምርመራ የደረሰበት መደምደሚያ አሟሟቷ አልተረጋገጠም የሚል ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ አልፏል፤ መርማሪውም ባሕር ማዶ ያለን ምስክር አስገድዶ የማቅረብ ሥልጣን የለውም። ቤተሰቡ የሥልጣኑን ክርክር አሸንፎ እውነቱን ሳያገኝ ቀረ። አስከሬኗ በሥርዓት የተቃጠለው በ2009፣ ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ የሉዓላዊነት ነው። አንድ አገር በሌላው ምድር የሆነውን እየጎተተ ከዳኘ የባለ አገሩ ክብር የት ይገባል? ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ፈረንሳውያን እርስ በርስ ሲካሰሱ በቆንስላቸው፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱ ቆንስሉ ከኢትዮጵያዊው ዳኛ ጋር ተቀምጦ እንዲዳኙ ተደርጎ ነበር፤ ተከሳሹ ፈረንሳዊ ከሆነ የሚሠራበትም የፈረንሳይ ሕግ ነው። አገሪቱ ይህን ማነቆ ለማውለቅ ብዙ ደክማለች። ነገር ግን ቆንስላ በሰው አገር ችሎት መዘርጋቱና አንድ አገር የገዛ ዜጋዋን አሟሟት በገዛ ችሎቷ መመርመሯ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የባለ አገሩን ዳኛ ያፈናቅላል፤ ሁለተኛው ባለ አገሩ ያልሠራውን ይሠራል። አሜሪካ በ1994 ባወጣችው ሕግ አሜሪካዊ በውጭ አገር አሜሪካዊን ቢገድል የምትከሰው ያ አገር ራሱ ካልከሰሰው፣ ተጠርጣሪውም ከዚያ ወጥቶ ያ አገር ሊያስመልሰው ካልቻለ ነው። ተራ የመጠበቅ ደንብ ነው፤ ተገቢ ይመስለኛል። ለተከሳሹ መብት የሚሰጉ ሰዎች ስጋትም እውነት አለው፤ ነጻ የሚያወጣው ምስክርም የሚገኘው እዚያው ሩቅ አገር ነው። መድኃኒቱ ግን ክሱን መተው አይደለም። በጊዜው የተመዘገበ ማስረጃ ንጹሑንም ይታደጋልና።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ከብዙ አገሮች ሕግ ይሰፋል። እንግሊዝ በ1861 ሕጓ በውጭ አገር ግድያ የምትከሰው ተጠርጣሪው የራሷ ዜጋ ሲሆን ነው። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 18 ተጠርጣሪው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ብቻ ሳይሆን ሟቹ ኢትዮጵያዊ ሲሆንም ለመክሰስ ይፈቅዳል፤ ድርጊቱ በሁለቱም አገር ሕግ የተከለከለና አሳልፎ ለመስጠት የሚያበቃ ከባድ ወንጀል መሆን አለበት። ስለዚህ ቤይሩት ወይም ሪያድ ውስጥ አሠሪዋ የገደላት ኢትዮጵያዊት ጉዳይ በወረቀት ላይ ዳኛ አለው። እንቅፋቱ የሚመጣው በአንቀጽ 19 ነው፤ ተከሳሹ ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘት ወይም ተላልፎ መሰጠት አለበት። አሠሪው ወደ አዲስ አበባ አይመጣም፤ የገዛ ዜጋቸውን አሳልፈው የማይሰጡ መንግሥታትም ብዙ ናቸው።

ታዲያ አንቀጹ ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው መዝገብ ለመክፈት ነው፤ መዝገብ ከተከፈተ ደግሞ የባለ አገሩ ዐቃቤ ሕግ ምላሽ እንዲሰጥ በስምና በቀን መጠየቅ ይቻላል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 ይፋ ባደረገው መረጃ ከጥር 2007 ወዲህ ባሉት ሃያ ወራት ሊባኖስ ውስጥ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች ሞተዋል፤ ኤምባሲዎቻቸው 40ውን ራስን ማጥፋት ብለው መድበውታል፣ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው የሞቱ ናቸው። ከፎቅ መውደቅ፣ መገፋትና ለማምለጥ መዝለል በአስከሬን ላይ ብቻ ተለይተው አይነበቡም። የሚለዩት በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር ወይ፣ አንገቷና ክንዷ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ ወይ፣ የጎረቤት ሠራተኛ ምን ሰማች በሚሉ ጥያቄዎች ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ዕድሜያቸው ቀናት ነው። አስከሬኑ በአውሮፕላን ለመጫን በመድኃኒት ከተጠበቀ በኋላ የመርዝ ምርመራ ይበላሻል፤ ቤተሰብም ቦሌ ላይ ተቀብሎ ብዙ ሳይቆይ ይቀብራል።

የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት የውጭ ዜጋ ሲሞት የአገሩ ቆንስላ ሳይዘገይ እንዲነገረው ያዛል። ቆንስሉ ይህ ሲነገረው የሚሸኘው ሬሳ ብቻ እንዳይሆን፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የክፍሉ ፎቶግራፍና የፖሊሱ መዝገብ ቁጥር ከሣጥኑ ቀድመው አዲስ አበባ እንዲደርሱ ማድረግ ሥራው ሊሆን ይገባል። ምስክሮቹስ? እነሱም እንደ ጎሬ ወታደሮች አንድ ቀን ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከእነሱ መካከል ጓደኛዋ በየትኛው ቤት፣ በየትኛው ሌሊት እንደሞተች የምታውቅ አትጠፋም። ቃሏን ለመቀበል የአንቀጽ 19 ተከሳሽ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መርማሪ ፖሊስ፣ ወረቀትና አስተርጓሚ የማያሻው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይበቃል።